ለገበያ የወጣችው የአቶ ሳህሉ ላም

ባላጋራውን ያላወቀ ሰው ወዳጁን ያባርራል። አቶ ሳህሉም ክራንቻቸውን ታቅፈው፣ በፈረስ ጋሪ ከሌሞ ወደ ሆሳዕና ሲወርዱ፣ ከኋላ የታሰረችው ላማቸው እምቧ ትላለች። በመንገድ ያገኘቻቸው የጎረቤታቸው ልጅ ሐዳሳ ጋሪውን አስቆመች፤ ሥነ ምግብ ተምራ በጤና ጣቢያ የምታገለግል ናት።

«ጋሼ ሳህሉ፣ ላሚቱ ወዴት ነች?»

«ልሸጣት ነው።»

«የተሰበረው እግርዎ ሳይጠገን? አሚቾ በወተት ይበሉ አልነበረም?»

በአገሩ ልማድ አጥንቱ ለተሰበረ ሰው የእንሰት ሥር፣ አሚቾ፣ ተቀቅሎ ከወተት ጋር ይቀርብለታል። እርሳቸውም ይህንኑ እየተመገቡ ሳሉ የኩላሊት ጠጠር ጎናቸውን እንደ ጦር ወጋቸው።

«ሐኪሙ ጠጠሩ ከካልሲየም ነው አለኝ፤ ካልሲየም ደግሞ ወተት ውስጥ ነው ያለው አሉኝ ሰዎች። እግሬን የሚጠግነው ኩላሊቴን ካፈረሰ የቱን ልያዝ፣ ልጄ? ግራ ገባኝ። ወተቱን ትቼ ቆጮ በቆስጣ፣ ጨው በርከት አድርጌ እበላለሁ። ጎኔ ግን ባሰበት!»

«ውኃስ?»

«ጢሞቴዎስ እንኳ ውኃ ብቻ ሳይሆን ጥቂት ወይንም እንዲጠጣ ተመክሯል።»

«ወይኑን አይጠጡም፣ ውኃውን ሸሽተዋል፣ ወተቱን ትተዋል፤ ታዲያ በምን ሊኖሩ ነው?»

ባለጋሪው ሳቀ፤ ሽማግሌው ገላመጡት።

«ይስሙኝ፣ ጋሼ። ቆስጣ ውስጥ ኦክሳሌት የሚባል ነገር አለ። ከምግብ ጋር በሚጠጡት ወተት ያለው ካልሲየም ያንን አንጀት ላይ ይይዝና ከሰገራ ጋር ይዞት ይወጣል። ኦክሳሌቱ ከልካይ ሲያጣ ግን ኩላሊት ይደርሳል፤ እዚያ ካልሲየም ያገኝና ጠጠር ይሆናል።»

«ወተት ትቼ? ካልሲየሙ ከየት መጣ?»

«ከአጥንትዎ ነዋ! ሰውነት ሲያጥረው ከዚያ ይወስዳል። ጨው ሲበዛ ደግሞ ወደ ሽንት የሚገባው ይጨምራል።»

«ጨው እኮ ለመሥዋዕት እንኳ ይቀርብ ነበር!»

«የሎጥን ሚስት እስኪመስሉ ግን አይደለም!»

አቶ ሳህሉ ሳቃቸው አመለጣቸው። ወዲያው ግን የታሰረ እግራቸውን አዩ። ወዳጅና ጠላት በፊታቸው ቦታ የተለዋወጡ መሰላቸው።

«እንግዲያ ለገበያ ያወጣሁት በር ጠባቂዬን ኖሯል። በል ልጄ፣ ጋሪውን መልሰው!» አሉ ወደ ባለጋሪው ዞረው።

ከዚያ ወዲህ ወተቱን ከምግብ ጋር ጠጡ፤ ጨውና ቆስጣ ቀነሱ፤ ውኃ አበዙ፤ ሐኪማቸውንም አልተለዩም። ጎናቸው አረፈ፣ አጥንታቸውም ገጠመ። ያለ ክራንች ቤተ ክርስቲያን በገቡ ዕለት ሰዎች ከብበው፣ ካልሲየም የበዛበት ወተት እንዴት ጠጠርን እንደሚከለክል ጠየቋቸው።

«እኔስ ገና ግራ እንደተጋባሁ ነኝ» አሉ፤ «እግሬ ግን ገብቶታል።»