ሲሞላ ጥሪኝ

አጎቴ ሰይድ ከአንኮበር ሥር ባለችው አሊዩ አምባ ነጋዴ ነው፤ ዕድሜ ልኩን ከሚኒባስ ሌላ ተሳፍሮ አያውቅም። ዱባይ ያለችው ልጁ «ና እየኝ» ብላ ቲኬት ስትልክለት እኔንም አብራ ጠራችኝና ተያይዘን ሄድን። «በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አለኝ። «አራት ሰዓት» አልኩት። «እሱማ ከሞላ በኋላ ነው» አለኝ፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው እያየኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ የገባኝ አውሮፕላኑ ውስጥ ነው። ባዶዎቹን ወንበሮች ቃኘት አደረገና ፎጣውን ከትከሻው አውርዶ መቀመጫው ላይ አኖረ፤ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ቦታ የሚይዘው እንደዚያ ነው። ከዚያ ቀጥ ብሎ ወደ በሩ! አስተናጋጇ «አባባ፣ ወዴት ነው?» ስትለው፣ «ሻይ ልጠጣ ነው ልጄ፤ ሲሞላ ጥሪኝ» አይላት መሰላችሁ! እኔ እንደማላውቀው ሰው በመስኮት ውጭውን ማየት ጀመርኩ። «አባባ፣ አሁን እኮ መነሳታችን ነው» አለችው። «ከነባዶ ወንበሩ? ወላሂ ትከስራላችሁ!» እያለ ተመለሰ፤ ሰማይ ላይ ወጥተንም ለባለ አውሮፕላኑ ሲያዝን ነበር።

ስንመለስም አራቱ ሰዓት እንደ ዋዛ አለቀ። ደብረ ብርሃን ደርሰን፣ ወደ አንኮበር የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጠን እግራችን እስኪደነዝዝ ስንጠብቅ ልጁ ከዱባይ ደወለች። «አባ፣ እስካሁን ቤት አልገባህም? ምን ያህል ቀራችሁ?»

አጎቴ ዞር ብሎ የኋላ ወንበሮቹን አየት አደረገ። «አልሀምዱሊላህ፣ ደርሰናል በይው ልጄ» አላት፣ «ሦስት ሰው ብቻ ነው የቀረን።»