በእንጦጦው የሰርቨር ክፍል ሕይወቱ ስላለፈው እንድርያስ ልደቱ የተሰጠ ቃል

የምስክር ስም፦ ሒሩት ገላው
ዕድሜ፦ 31
ሥራ፦ የኮምፒውተር ባለሙያ
አድራሻ፦ የካ ክፍለ ከተማ፣ ኮተቤ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ነሐሴ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጉርድ ሾላ በሚገኝ የግል አምቡላንስ ድርጅት እሠራለሁ። ሟች እንድርያስ ልደቱ የሥራ ባልደረባዬና እጮኛዬ ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር የድርጅቱ የጥሪ መቀበያ ስለሚቋረጥ፣ በሊኑክስ ሶፍትዌር የሚሠሩ ሁለት ሰርቨሮች፣ ማለትም ጥሪውን የሚያስተናግዱ ኮምፒውተሮች፣ አገናኝተን እንድንተክል ታዘዝን። አንዱን ከእንጦጦ ማርያም ዝቅ ብሎ በተከራየነው ክፍል፣ ሌላውን በቢሮው አስቀመጥን። እንድርያስ የእንጦጦውን ታላቅ፣ የቢሮውን ታናሽ ይላቸው ነበር። ሁለቱ መኖር አለመኖራቸውን በየሰከንዱ ይጠያየቃሉ፤ ታላቅ መልስ ካልሰጠ ታናሽ የጋራ የኔትወርክ አድራሻቸውን ወስዶ ጥሪውን ይቀበላል። ደዋዩ ምንም እንዳያውቅ ተደርጎ የተሠራ ነው።

ነሐሴ 12 ቀን ለሙከራ እሱ ወደ እንጦጦ ወጣ፤ እኔ ቢሮ ቀረሁ። ታላቅ ከኮረንቲ ተነቅሎ ታናሽ አንድ ሰዓት ያህል ብቻውን እንዲሠራ ተስማምተን ነበር። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ደወለልኝ። ዝናቡ እንደበረታና ጣሪያው ማፍሰስ እንደጀመረ ሲነግረኝ፣ ቢያባራ አይሻልም ወይ ብዬ ጠየቅሁት። "ዝናብ ሲዘንብ ሰው አይታመምም እንዴ? አሁን ልነቅለው ነው። ታናሽ ከተነሳ እራት በአንቺ ነው" ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ወዲያው በስክሪኔ ላይ ታላቅ አይመልስም የሚል ማስጠንቀቂያ መጣ። ታናሽም ሥራውን ተረከበ። ጥሪ የምትቀበለውን እየሩስን የተቋረጠባት ነገር እንዳለ ጠየቅኋት። "መቼ?" አለችኝ። ደስ ብሎኝ አቀፍኋት። ለእንድርያስ ብደውል አላነሳም። ዕቃ እየሰበሰበ ይሆናል ብዬ፣ "ተነስቷል። እራት በእኔ ነው፤ ሰዓቱ ሲሞላ ታላቅን አስነሳውና ና" የሚል መልእክት ላክሁለት። መልእክቱን ለመርማሪው አሳይቻለሁ።

በዚያ መሃል የደወሉ ታማሚዎች አምቡላንስ ተልኮላቸዋል። ወደ 11 ሰዓት ገደማ እየሩስ አንድ ጥሪ ተቀበለችና ዞራ አየችኝ። የደወሉት የክፍሉ ጥበቃ አቶ ነገሳ ነበሩ። ዝናቡ ሲያባራ በሩን አንኳኩተው መልስ ስላጡ ከፍተው ሲገቡ፣ እንድርያስን እርጥቡ ወለል ላይ ወድቆ አግኝተውታል። ኮረንቲ ይዞት ነው። የእሳቸውም ጥሪ የገባው በታናሽ በኩል ነው፤ አልተቆራረጠም። ከአምቡላንሱ ጋር አብሬ ወጣሁ። ስንደርስ ሕይወቱ አልፎ ነበር።

ማስጠንቀቂያው ሲመጣ ለምን ሰው እንዳልላክሁ ተጠይቄያለሁ። ስንጠብቀው የነበረ ዝምታ ስለሆነ ነው። ቀድሞ ቢደረስለት ይተርፍ ነበር ወይ ለሚለው፣ እኔም ይህንኑ አስከሬኑን የመረመረውን ሐኪም ጠይቄዋለሁ።

ቃሌ ተነብቦልኝ እንደተናገርሁት መጻፉን አረጋግጫለሁ። መርማሪው "ደስ ብሎኝ" የሚለው ይውጣ ወይ ብሎ ጠይቆኝ፣ እውነት ስለሆነ እንዳለ እንዲቆይ ነግሬው ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ሒሩት ገላው
ቃሉን የተቀበለው፦ ምክትል ሳጅን ኃይለ መስቀል ፀሐዬ