የአሜሪካ ታሪክ በዕድራችን ስብሰባ

እሑድ ከሰዓት አየር ጤና ታክሲ ስጠብቅ አቶ ዳባንና ልጃቸውን ለሊሴን አገኘኋቸው። ሦስታችንም የምንሄደው ወደ አንድ ስብሰባ ነበር። የእኛ የነባሮቹ ዕድርና ዓለም ባንክ ሰፈር ያለው የኮንዶሚኒየም ዕድር ሊዋሃዱ አስበው በአመራር ወንበር ተጣልተዋል። እነሱ ብዙ ናቸው፣ እኛ ጥቂት ነን፤ ድንኳኑና አዳራሹ ግን የእኛ ነው። አቶ ዳባ የእኛ ሊቀመንበር ናቸው። ጋራዣቸው ውስጥ ስንቱን ወጣት ለቁም ነገር ያበቁ ደግ ሰው ናቸው፤ አንድ ሐሳብ ከያዙ ግን በክሬንም አይነሱም። ታክሲ ስለጠፋ በእግራችን ቀጠልን።

«መምህር ይመር፣ ጡረታ ቢወጡም መምህር ነዎትና ይፍረዱን» አሉኝ። «ይህች ልጅ ለሁለተኛ ዲግሪ የመረጠችው የአሜሪካን ታሪክ ነው። ነገ ስሟን አሰርዛ አካውንቲንግ ካልተመዘገበች ከእኔ ድጋፍ እንደሌለ ነግሬያታለሁ።»

«አባዬ፣ የማጠናው አሜሪካ ልሄድ ብዬ አይደለም» አለች ለሊሴ።

«የሄዱትማ የሚማሩት ነርስነት ነው። ደግሞስ የራሳችን ታሪክ መች አለቀና?»

«አላለቀም። ግን በራሳችን ታሪክ ቶሎ እንቆጣለን። የሌላውን ጠብ ስናይ ረጋ ብለን እናስባለን።»

ይህ መልስ እኔን ደስ አሰኘኝ፤ አቶ ዳባን ግን አላረካቸውም። «እስቲ የሚጠቅመኝን ንገሪኝ» አሏት።

«መጀመሪያ እንግሊዝና ፈረንሳይ በዚያ መሬት ተሻሙ። የአገሩ ተወላጆች አንዱን በሌላው እያስፈራሩ ትንሽ ተነፈሱ። ፈረንሳይ ተሸንፋ ስትወጣ ግን ማስፈራሪያ አጡ። እንግሊዝ የጦርነቱን ወጪ በግብር ልተካ ብትል ደግሞ ሰፋሪዎቹ አመፁባት። ነፃ ከወጡ በኋላ እርስ በርስ ተፋጠጡ። ሰው የበዛበት ግዛት በሕዝብ ቁጥር እንወከል አለ፤ ትንሹ ግዛት እኩል ካልሆንን አንገባም አለ።»

አቶ ዳባ መንገዱ ላይ ቆሙ። «ይሄማ የእኛ ነገር ነው» አሉ።

«ነው። እነሱ አንዱን ምክር ቤት በሕዝብ ቁጥር፣ ሌላውን በእኩልነት አቋቋሙ፤ ሕግ የሚወጣው ሁለቱም ሲስማሙ ነው። ዛሬም ትንሿ ግዛት ከትልቋ እኩል ሁለት መቀመጫ አላት። በቴሌቪዥን ሲጨቃጨቁባቸው ከሚያዩዋቸው ነገሮች አንዱ ይሄው ነው።»

«ታዲያ ስምምነቱ ጥሩ ነበር?» ብዬ ገባሁ። የአስተማሪ አመል አይለቅም።

«ግማሹ ጥሩ ነበር። በባርነት የያዟቸውን ጥቁሮች ግን ከአዳራሹ ውጭ ትተው ተስማሙባቸው። የጌቶቻቸውን መቀመጫ ለማብዛት አምስቱን እንደ ሦስት ሰው ቆጠሯቸው፤ ድምፅ ግን አልሰጧቸውም። ያ ነገር ቆይቶ የእርስ በርስ ጦርነት አመጣባቸው፤ ፖለቲካቸው ዛሬም ከዚያ ጣጣ አልወጣም።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አባዬ፣ እኛስ ዛሬ ማንን ውጭ ትተን ነው የምንስማማው? ተከራዮቹን አይደለም? ተከራያችን ወንድሙ እናቱ ሲሞቱ ድንኳን የተከለከለው ተከራይ የዕድር አባል አይሆንም ተብሎ ነው። እኛው ግቢ የሚኖር ሰው።»

«ተከራይ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም።»

«ወንድሙ ግን እኔ ሳልወለድ ጀምሮ አለ።»

አቶ ዳባ እርምጃቸውን አፍጥነው ወደ አዳራሹ ገቡ።

ስብሰባው ሲጀመርም ቀድመው እጃቸውን አወጡ። አመራሩ በአባላት ቁጥር ይመረጥ፤ ደንብና ንብረት የሚነካ ውሳኔ ግን ከሁለቱም ወገን እኩል የተወከሉበት ኮሚቴ ሳይስማማ አይጽና አሉ። ያ ሁሉ ለወራት የተነታረከ ሰው አጨበጨበ። የኮንዶሚኒየሙ ሰብሳቢ ወይዘሮ ዋጋነሽ ስብሰባውን ሊዘጉ ሲሉ አቶ ዳባ እንደቆሙ ቀሩ።

«አንድ ነገር ቀርቷል። ተከራዮችም አባል ይሁኑ።»

አዳራሹ አጉረመረመ። «አቶ ዳባ፣ የሚከለክለውን ደንብ ያወጡት እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አላቸው አንዱ።

«እኔ ነኝ። ወንድሙ እናቱን ሲያለቅስ እኔ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ደንብ ሳስከብር ነበር። አፍሬበታለሁ።»

ሐሳቡ በጭንቅም ቢሆን አለፈ።

ስንመለስ አቶ ዳባ ልጃቸውን፣ «እነዚያ ጥቁሮች ከጦርነቱ በኋላስ ድምፅ አገኙ?» ብለው ጠየቋት።

«ለወንዶቹ በሕግ ተፈቀደ። በተግባር ግን ብዙ ቦታ መቶ ዓመት ያህል ተከለከሉ።»

«በይ ስምሽን እንዳታሰርዢ» አሏት። «ትምህርቱን ቀጥዪበት፤ እኔም ከጎንሽ ነኝ።»

የሌላውን አገር ታሪክ ማጥናት የሚጠቅመው ለዚህ ነው። እነሱ በደም የከፈሉበትን ስህተት እኛ በስብሰባ እናርመዋለን፤ ልጆቻችንም ከእኛ ጠብ ሳይሆን ከእኛ ስምምነት ይጀምራሉ። ይህንን ለአቶ ዳባ ላስረዳቸው አፌን ስከፍት ግቢያቸው ደርሰናል። እሳቸው ግን አልሰሙኝም። የወንድሙን በር እያንኳኩ ነበር።