ለናሙና የተፈለገው ጡት መያዣ

ግንቦት ዐሥራ ስምንት ቀን ሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ረፋዱ ላይ ካርቱምን የሸፈነው ሀቡብ፣ ያ የአቧራ ማዕበል፣ አልፎ ሰማዩ ገና የሽምብራ ዱቄት መስሎ ቀርቷል። ነፋሱ ቢያርፍም ሙቀቱ አላረፈም፤ መብራት በመጥፋቱም በካላክላ ገበያ ጫፍ ባለችው የረባብ ልብስ ስፌት ቤት የጣሪያው ማራገቢያ ክንፎቹን እንደ ዘረጋ ቆሟል።

በሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ዘርፈሽ ተቀምጣለች፤ የጓደኛዋን ቦርሳ በጭኗ አድርጋ፣ እንደ ሱዳን ሴቶች የተጠቀለለችበትን ቶቧን እስከ አገጯ ስባ። ቀኑ ቶብ እስከ አገጭ የሚያስስብ አልነበረም። ነገር ግን ከቶቡ ሥር፣ ከቀሚሷም ሥር፣ የብርቅነሽን ቡናማ ጡት መያዣ አድርጋ ነበር።

ሁለቱ ሴቶች በአንድ ቀን በመተማ በኩል ተሻግረው፣ ዐሥራ አራት ዓመት በአንድ ቤት ኖረዋል። ባለፈው ጥር ብርቅነሽ የግራ ጡቷን በቀዶ ጥገና ካስወገደች በኋላ፣ ለሕክምናው እንዲቀርባት ከወንዙ ማዶ ባሕሪ ሰፈር ከሚኖረው ዘመዷ ከገዛኸኝ ቤት ሰባ ቀን ቆየች። ዘርፈሽ የበሽታውን ስም በሰማች በሳምንቱ ጓደኛዋን በልቧ ቀበረቻት። ሁለት ሌሊት አለቀሰችላት፤ ለነፍሷ ይሁን ብላም ሳጥኗን ከፍታ ልብሷን ለችግረኞች አደለች። አንዲት ነገር ብቻ አስቀረች። ያን ጊዜ ለምን እንዳስቀረቻት ታውቅ ነበር፤ የብርቅነሽ ጠረን ስለነበረባት ነው። አሁን ጠረኑ የራሷ ሆኗል።

ብርቅነሽ በገዛ እግሯ ስትመለስ ዘርፈሽ እግሯ ላይ ወድቃ ሁሉንም ተናዘዘች፤ ከዚያች ከአንዲቱ በቀር። ብርቅነሽም ስቃ አነሣቻት። ጓደኛዋ ቤት ውስጥ እያለች ዘርፈሽ ያን ቡናማ ነገር አድርጋው አታውቅም። ዛሬ ግን ሀቡቡ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብሷን ሁሉ አፈር አለበሰባት፤ ንጹሕ የቀረላት እርሱ ብቻ ነበር።

ብርቅነሽ ከጠረጴዛው ፊት ክንዶቿን ጥቂት አንሥታ ቆማለች። አባቷ ሱዳናዊ፣ እናቷ ጎንደሬ የሆነችው ረባብ በሜትር እየለካቻት ነው። ከገበያው የተመረጡት ሦስት ጡት መያዣዎች ሳይሆኑ ቀርተዋል። ረባብም ቀሚስ እንጂ ይህን ሰፍታ እንደማታውቅ፣ አንድ ጥሩ ናሙና ካገኘች ግን ስፌቱን አይታ መቁረጥ እንደምትችል ተናግራ ሥራዋን ቀጠለች። ብርቅነሽ ወሬ ጀመረች። ፊቷ ወደ ረባብ ነበር።

«እንዴት ያለ አቧራ ነው የዛሬው፣ ልጄ! ጥርሴ ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። እናትሽስ ደህና ናት? ጉልበቷን ተሻላት? ሰላም በይልኝ። ምናልባት ብርቅነሽ ሞታለች ብለዋት እንደሆነ ደግሞ፣ አልሞተችም፣ ቆማ አየኋት በያት... ቀስ፣ ቀስ፤ ግራ እጄ ከዚህ በላይ አይወጣም። ዶክተሩም እስከዚህ ይበቃሻል ብሎኛል፤ እኔስ ከዚህ በላይ ምን ላወርድበት ነው?

«ይኸኛውማ ሽቦ አለው። የሽቦው ጫፍ ጠባሳዬ ላይ መጥቶ ቁጭ ይላል፣ ቤት እንደ ተከራየ ሰው። ዳንቴሉ ያምራል፤ የሰፋው ሰው ግን የካርቱምን ፀሐይ የሚያውቅ አይመስለኝም፣ ሙሽ ኪዳ? አይደለም እንዴ? ያኛው ደግሞ የሚቆለፈው ከኋላ ነው። ከኋላዬ ማን ይቆልፍልኛል?... ኧረ ይቅር ይበለኝ! ሰው የለኝም ብል እግዜር ይቆጣኛል። ሰውስ አለኝ። ሦስተኛው ግራው ባዶ ስለሆነ ሽቅብ ይወጣል፤ ጧት ደረቴ ላይ ያሰርኩትን ቀትር ላይ አገጬ ሥር አገኘዋለሁ። ጥጥ ጠቅጥቄ ሞከርኩት፤ ላቤን ጠጥቶ እንደ ታጠበ ድመት ተኮማተረ። ሙስተሽፋ፣ ሐኪም ቤቱ ያለች አንዲት ነርስ፣ ማሽላ በጨርቅ ቋጥረሽ ክተቺበት፣ ክብደት ይኖረዋል፣ ወደ ላይ አይሸሽም አለችኝ። ማሽላ! እንግዲህ ወፎቹ እስከ ቤተ ክርስቲያን ቢከተሉኝ ቄሱን ምን እላቸዋለሁ?»

ረባብ ሜትሩን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ዘርፈሽም አብራ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከረባብ ሳቅ ትንሽ ዘግይቶ ደረሰ።

«ሳቂ፣ ሳቂ፤ እኔም ስቄ ነው የዳንኩት። ሰው አለኝ አላልኩሽም? አንዲት ሴት አለች፤ እንደዚያች ያለ ደግ አላየሽም። ስሟን ምን ያደርግልሻል? ደግ ሰው ስሙ ሲነሣ ያፍራል። እኔ ታምሜ ስተኛ ሌላው ሁሉ ብርቱካኑን ይዞ ይመጣል፤ አልጋዬ ላይ ይቀመጣል፤ ያስወራኛል፤ ያደክመኛል። እርሷ ግን አንድ ቀን አላደከመችኝም። ወላሂ፣ አንድ ቀን! ሰባ ቀን ሙሉ በሩን አላንኳኳችም። የሙስተሽፋ ሽታ ያዞራታል አሉ። ስስ ናት። መጥታ እዚያው ብትወድቅ ደግሞ እኔ ከአልጋዬ ተነሥቼ ላስታምማት አይደል? ይህን ሁሉ አስባልኝ ነው የቀረችው... እንዲህ ለሰው የሚጠነቀቅ አለ?

«ቤቴ ስገባ ደግሞ ምን ልበልሽ፣ ረባቤ! ሳጥኔን ስከፍተው ክር አልቀረበትም። ዛሬ ነገ ስል የኖርኩትን የዐሥራ አራት ዓመት ኮተት በአንድ ሳምንት አጸዳችልኝ። ለነፍሴ ብላ ነዋ! ሌላ ሰው ቢሆን እስክሞት ይጠብቅ ነበር። እርሷ ግን ለጓደኛዋ ነፍስ የምትዘገይ አይደለችም። እንዲያውም ነፍሴ ቀድማ ገብታ ቦታ ይዛልኝ ይሆናል፤ የዘገየሁት እኔው ነኝ። ጥፋቱም የኔ ነው። ሰው በተቆረጠለት ቀን ካልሞተ ወዳጁን እንዲህ ያሳፍራል።

«ቢጫ ቀሚሴን ታስታውሻታለሽ፣ አንቺ ራስሽ ክንዷ ላይ ያሰፋሻትን? ከፋሲካ በኋላ ማዮ ሰፈር በሚሄደው ሃፍላ ተሳፍሬ ስሄድ ተገናኘን። አንዲት ሴትዮ ለብሳት ከጎኔ ተቀመጠች። ቀሚስሽ ታምራለች አልኳት። የአንዲት የሞተች ሐበሻ ናት፣ አላህ ይርሐምሃ አለችኝ። ምን ልበል? አሚን አልኩ! ነፍስ ይማር ተብሎላት በገዛ አፏ አሜን ያለች ሴት ካርቱም ውስጥ ከኔ ሌላ ታውቂያለሽ?... እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀሚሷ ከኔ ይልቅ ወዝ ነበራት። ለደህና ሰው ነው የሰጠችልኝ፤ ትባረክ።»

ዘርፈሽ በዚህም ላይ ፈገግ አለች። ይህ ቀልድ በቤታቸው ለወር ያህል ሲመላለስ የኖረ ነው፤ እሾሁ ቢኖርም መውጊያውን ለምዳዋለች። እንዲያውም ልቧ ጥቂት አረፈ። ቶቧን ከአገጯ ዝቅ ልታደርግ እጇን ስታነሣ፣ የብርቅነሽ ድምፅ ረገበ።

«ይሁን። ቀሚስ ይተካል። አንድ ነገር ብቻ... አንድ ጡት መያዣ ነበረኝ፣ ልጄ። የወንድሜ ልጅ ኤደን ከጅዳ የላከችልኝ። ቡናማ ነው። ሽቦ የለበትም፤ ጥጥ ነው፣ የሕፃን ልብስ የሚመስል። ማንገቻው ሁለት ጣት ይሰፋል። መቆለፊያው ከፊት ነው፤ በአንድ እጄ እቆልፈዋለሁ። የቀኙ ማንገቻ ተተርትሮ ቡናማ ክር ባጣ በነጭ ክር ጠቀምኩት፤ ያንን ስፌት በጨለማም ብዳስሰው አውቀዋለሁ። ለበሽተኛ የተሠራ አልነበረም፤ ዛሬ ሳስበው ግን መታመሜን ሰምቶ የተሠራ ይመስለኛል።

«አንቺ ናሙና ትያለሽ፤ ናሙናው እርሱ ነበር። ለአንድ ሰዓት ቢገኝ! ጠረጴዛሽ ላይ ዘርግተሽ፣ በወረቀት ላይ አንሥተሽ፣ ለያዘችው ሴት ትመልሺላት ነበር። ልቀማት አላልኩም፤ ለአንድ ሰዓት ብቻ። ሐሙስ የማርያም ማኅበር እኔ ቤት ነው። ሞታለች ብለው ያለቀሱልኝ ሴቶች ሁሉ ይመጣሉ። ዓይናቸው የት ላይ እንደሚያርፍ አውቃለሁ... አልፈርድባቸውም፣ እኔም ብሆን አያለሁ። ብቻ እነርሱን በር ላይ ቀጥ ብዬ፣ ሁለቱ ጎኔ እኩል ሆኖ፣ በየደቂቃው ደረቴን ሳልጎትት ልቀበላቸው ብዬ ነው። ይህ ትልቅ ምኞት ነው?»

ረባብ ልኩን ወረቀት ላይ ጻፈች። ከውጭ የሃፍላው ረዳት «ሱግ! ሱግ!» እያለ ወደ መሀል ገበያ የሚሄድ ተሳፋሪ ሲጣራ ተሰማ፤ ከዚያ ድምፁ ራቀ።

ዘርፈሽ በቀኝ ትከሻዋ ላይ ያለችው ነጭ ስፌት አንድ በአንድ ተሰማቻት። የልብስ መሞከሪያው መጋረጃ ሁለት እርምጃ ቢርቅ ነው። ተነሥታ ከጀርባው ብትገባ፣ ብታወልቀው፣ «እኔ ጋ ነው፤ ጠረንሽ ነበረበትና አልሰጥም አልኩ» ብላ ይዛው ብትወጣ፣ ብርቅነሽ መጀመሪያ ትሰድባት ነበር፣ ቀጥላም ጠረጴዛውን እየመታች ትስቅ ነበር፤ ያንን ሳቅ ከመተማ ጀምሮ ታውቀዋለች። ልትነሣ ቃጣት። ነገር ግን ረባብ አለች፤ በሰው ፊት ነው፤ ደግሞ ከገላዋ ላይ፣ በላብ የራሰ... ቦርሳውን አጥብቃ ያዘች። ቶቡ ግን ከትከሻዋ ሸርተት አለ። ረባብ ቀና ስትል ዓይኗ ከቀሚሱ ሥር ብቅ ባለው ነጭ ስፌት ላይ ዐረፈ፤ ወዲያውም ወደ ሜትሯ አቀረቀረች።

«አይገኝም አይደል?» አለች ብርቅነሽ፣ አሁንም ፊቷን ሳታዞር። «ኸላስ፣ በግምት ቁረጪው። ያቺ ደግ ሴት ለማን እንደሰጠችው እንጃ። ለራሷ እንዳላስቀረችው ግን በማርያም እምላለሁ! እርሷ? ለራሷ? እንዲህ ያለ ነገር አይታሰብባትም። ሁሉን ተናዝዛ እግሬ ላይ የወደቀች ሴት አንድ ጨርቅ ትደብቀኛለች?... የለበሰችውም ብትሆን ይመቻት። ማንገቻው ሰፊ ነው፤ ሃፍላ ውስጥ ቆማ እጇን ወደ ብረቱ ስትሰቅል ትከሻዋን አይቆርጣትም። ብቻ በሙቅ ውሃ እንዳታጥበው የሚነግርልኝ ባገኝ፤ ይጠባል።»

ዘርፈሽ ወደዚህ ሲመጡ የነበረውን መንገድ አስታወሰች። ሃፍላው ሞልቶ እርሷ ቆማ፣ ብርቅነሽ ከሥሯ ተቀምጣ ነበር። እጇ ብረቱ ላይ እንዳለ ብርቅነሽ ሽቅብ አየቻት፣ ረጅም ጊዜ አየቻት፤ ከዚያም «እጅሽን አውርጂና ቦርሳዬን ያዥልኝ» አለቻት። ያን ጊዜ ስለ ደከማት መስሏት ነበር።

ብርቅነሽ ልብሷን አስተካክላ ነጠላዋን ተከናነበች። ድምጿ ማር ሆነ።

«ብቻ ቅሬታ የለኝም፣ ረባቤ፤ ይህን ዕወቂልኝ። ጧት ማታ እጸልይላታለሁ። እግዜር ዕድሜ ከጤና ይስጣት። ክፉ አይንካት። ሰው ነንና፣ አንድ ቀን ብትታመምና አልጋ ላይ ብትውል ደግሞ፣ ብቻዋን አይተዋት። ከሴቶች ሁሉ መርጦ፣ ልክ እንደ ራሷ ያለች ጓደኛ ይስጣት... እኔ ከእርሷ ያየሁትን ሁሉ፣ አንድም ሳይጎድልባት፣ ትየው። በይ አሜን በይልኝ እንጂ!»

አሜኑን ሳትጠብቅ፣ ብርቅነሽ ወደ አግዳሚው ሄዳ ቦርሳዋን ከዘርፈሽ ጭን ላይ ራሷ አነሣች፤ ወደ ሃፍላው ማቆሚያም ብቻዋን ሄደች።

ሐሙስ ዕለት ብርቅነሽ፣ ረባብ በግምት የሰፋችውን አድርጋ፣ በሯ ላይ ቆመች። ግራው ትንሽ ወደ ላይ ይሳብ ነበር። ሳጥኗ ላይ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቦ የታጠፈ ቡናማ ጡት መያዣ ከማክሰኞ ጀምሮ ተቀምጧል፤ አስቀምጣው ከቤት የወጣችው የዘርፈሽ አልጋ ግን ባዶ ነው። ዘርፈሽ ጓደኛዋን ያጣችው በዚያ ሳምንት ነው።