ማህተም የሌለው ፎቶ

ከአቀስታ ወደ መካነ ሰላም በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ አንዲት ወጣት የከብት ሐኪምና አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። እሷ የያዘችውን ክላሰር ጭኗ ላይ ደጋግማ ትመታዋለች።

«ምን ሆነሽ ነው ልጄ?»

«አለቃዬ ነው አባባ። የታመሙ በጎች ፎቶ አንስቼ፣ መድኃኒት ይላክልኝ ብዬ ሰኞ ዕለት በቴሌግራም ላክሁለት።»

«አላየውም?»

«አይቶታል። ‹ያሳዝናል› ብሎ መልሶልኛል።»

«ታዲያ አይልክም?»

«‹ማህተም ያረፈበት ሪፖርት ይዘሽ ነይ፤ በፎቶ መድኃኒት አላወጣም› አለኝ። የቴሌግራም ግሩፑን የከፈተው እኮ ራሱ ነው፣ ሥራ ይቀላጠፍ ብሎ።»

«አጂብ ነው። ማህተሙስ የት ነበር?»

«የቀበሌው ሊቀ መንበር ኪስ ውስጥ። እሳቸው ደግሞ ለቅሶ ሄደው ገና ዛሬ ጠዋት መጡ።»

«ወላሂ፣ ይሄ አለቃሽ ስልኩን ለምን ያዘው? እስቲ በጎቹን አሳዪኝ።»

ስልኳን ሰጠቻቸው።

«ይቺ ጆሮዋ የተቀደደችው?»

«ትናንት ሞተች።»

«ይሄስ ሙክት?»

«እሱም ሞቷል። የቀሩትም እያሳላቸው ነው። ዛሬ ማህተም ያረፈበት ይሄ ወረቀት ግን ሰኞ እንደጻፍኩት ሁሉም ታመዋል ነው የሚለው።»

«ታዲያ አስተካክዪዋ።»

«አንድ ፊደል ከነካሁ እንደገና ማህተም ያስፈልገዋል አባባ።»

ሽማግሌው ስልኩን መለሱላትና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

እኔም ጉልበቴ ላይ የነበረውን ባለማህተም ፖስታ ማህተሙ እንዳይታይ ገልብጬ ያዝኩት።