አምስትና አንድ

የጤና ባለሙያ ሆኜ ከደጋ ወደ ጋምቤላ ከተዛወርኩ ወዲህ፣ ከሥራ በኋላ የማናግረው ሰው ስለሌለኝ ባሮ ወንዝ ዳር ብቻዬን መንሸራሸር ልማዴ ሆኗል። ባለፈው እሑድ እዚያው ጋሽ ተክሌን አገኘኋቸው። የሒሳብ መምህር ናቸው፤ በዚህ ከተማ ሸብተው፣ ሚስታቸውን እዚሁ ቀብረው፣ የአገሬውን ቋንቋ ግን ሳይለምዱ ቀርተዋል። ልባቸው ደግ፣ አንደበታቸው ኮምጣጣ ነው።

ትንሽ እንዳወራን የሥራ ባልደረባቸው መምህር ኦቹዶ መጣ፤ ወጣት የአኙዋ ብሔረሰብ ልጅ ነው። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና፣

«ጋሽዬ፣ ተማሪዎ አሪየት ከነገ ጀምሮ ትምህርት ልታቆም ነው። እርስዎ እናቷን ‹ልጅሽ መቁጠር አትችልም› ስላሏት፣ እርሻ ላይ ትርዳኝ ብላለች» አላቸው።

«ዋሸሁ እንዴ? ስድስት ጠመኔ አሳይቼ ‹ስንት ነው?› ስላት ‹አምስትና አንድ› ትለኛለች! ሰባቱን ደግሞ ‹አምስትና ሁለት›! ይህ ቆጠራ ነው?»

እኔ ብሆን እቆጣ ነበር፤ ኦቹዶ ግን አልተቆጣም።

«በእኛ ቋንቋ እኮ የስድስት ስሙ ራሱ እንደዚያ ነው። ልጅቷ በትክክል ቆጥራ፣ ወደ አማርኛ ተርጉማ ነው የመለሰችልዎ።»

«ይሁን። ቢሆንም የእርሻና የቤት ወሬ ሰሌዳ ላይ አይወጣም።»

«እስቲ ማሳቸው ድረስ ይምጡና ይዩት።»

ሁለታችንም ተከተልነው። ወንዙ ሸሽቶ በለቀቀው ጥቁር አፈር ላይ አሪየትና እናቷ በቆሎ ይዘሩ ነበር። እናት መሬቱን በሹል እንጨት ትወጋለች፣ ልጅ ዘር ትጥላለች።

«አሪየት፣ አንዱ መስመር ስንት ጉድጓድ አለው?» አላት ኦቹዶ በአማርኛ።

«አምስትና ሦስት።»

«መስመሩስ?»

«አምስት።»

«ሁሉም አንድ ላይ?»

ልጅቷ ጋሽ ተክሌን ፈራ ተባ እያለች አየቻቸው። «አምስት ጊዜ አምስት፣ ሃያ አምስት። አምስት ጊዜ ሦስት፣ አሥራ አምስት። አርባ።»

ጋሽ ተክሌ ወደ ጉድጓዶቹ ጎንበስ አሉ። «ቅንፍ መፍታት እኮ ነው ይሄ» አሉ። «ሰሌዳ ላይ ስጽፈው ክፍሉ በሙሉ ጭጭ ይልብኛል። ዝምታቸው ድንቁርና ይመስለኝ ነበር።»

«ከማሳው ብንጀምር ልጆቹ ከሚያውቁት ተነሥተው ወደማያውቁት ይሻገራሉ። ወላጅም ትምህርት ቤቱን እንደ ባዳ አያየውም፤ ልጁንም አያስቀርም» አለ ኦቹዶ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እርስዎም ከእንግዲህ ክፍል ውስጥ ብቻዎን አያወሩም» ሲል ጨመረ።

ይህች የመጨረሻዋ እኔንም ነካችኝ። የሰው አገር ኖሮ የሰውን አቆጣጠር ያልሰማ ሰው፣ ሌላውን ማስተማሩ ቀርቶ ራሱንም ከሰው ለይቶ እንደሚኖር ያን ቀን ገባኝ።

ጋሽ ተክሌ ጫማቸውን አውልቀው ጭቃው ውስጥ ገቡ።

«እናት ዓለም፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ልጅሽ ሒሳብ ታውቃለች። ነገ ላኪልኝ፤ ጓደኞቿንም ወደዚህ ይዣቸው እመጣለሁ።»

ሴትዮዋ እንጨቷን ተደግፋ ጭቃ የነካ እግራቸውን አየች።

«ነገ ትመጣለች» አለች በተሰባበረ አማርኛ። «አስተማሪ፣ አንተ ቤት ማን አለ?»

«ማንም የለም።»

«እንግዲህ ዛሬ እኛ ጋ ብላ።»

ጋሽ ተክሌ ወደ ኦቹዶ ዞሩና፣

«‹እሺ› በእናንተ ቋንቋ ምንድን ነው የሚባለው?» ብለው ጠየቁት።