ፍርግርግ የሌለው ጎል

ስሙኝማ፣ እዚህ ደቡብ አፍሪካ ያለው የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጃችን የእግር ኳስ ቡድን ጀርሚስተን ከተማ ሄዶ አምስት ለባዶ ተሸነፈና፣ እኛ ደጋፊዎቹ በታክሲ ስንመለስ ማስካችንን ወደ አገጫችን አውርደን ድክመቱን መተንተን ጀመርን። አንዱ "አጥቂ የለንም" ሲል ሌላው "የኮሮናው ሎክዳውን አወፍሮን ነው" አለ። እኔን ያቃጠለኝ ግን በረኛው ነበር። "ኳስ ሲመጣበት ንቅንቅ አይልም እኮ! ቆሞ ነው የሚያየው!" ብዬ ጮህኩ።

ከፊቴ የተቀመጠው፣ ማስኩን እስከ ዓይኑ የሳበው ሰው ዞር አለ። ለካስ በረኛው ራሱ ኖሯል! "ወንድሜ፣ እኔ እኮ ኦሬንጅ ፋርም ሰፈር ስምንት ዓመት ሙሉ ዘራፊ ፈርቼ ከሱቅ የብረት ፍርግርግ ጀርባ ነው የቆምኩት። የሰፈሩ ልጆች ኳስ ሲለጉብኝ ብረቱ ነው የሚመልስልኝ። ዛሬም የሚመልስልኝ መስሎኝ ነው" አለኝ።

ታክሲው በሙሉ አውካካ። እኔማ ማስኬን ከአገጬ አንስቼ እስከ ዓይኔ ሳብኩት።